ፀሐይ ያላየው ውሃ

እናቴ ክፍት የውሃ እንስራ አይታ ዝም ብላ ማለፍ አትችልም ነበር። ሰርግ ቤት ብትጠራም፣ ለቅሶ ቤት ብትሄድም፣ መጀመሪያ ዓይኗ የሚሄደው ወደ ጓዳ ነው። ክፍት ካገኘችው ተነሥታ ትከድነዋለች፤ ክዳን ከጠፋ ሳህን ትፈልጋለች፤ ሳህንም ከጠፋ ነጠላዋን አጥፋ ታለብሰዋለች። «እግዜር ያጽናችሁ» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ አፍርባት ነበር። ዲፕሎማ ይዤ ሥራ ከገባሁም በኋላ አፍርባት ነበር።

ጤና ረዳት ነበረች። አባቴ በመንግሥት ሥራ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር ከደብረ ታቦር ተከትላው መጣች፤ እሱ ሲሞት ዘመዶቿ ነይ አገርሽ ግቢ ቢሏት እምቢ አለች። በክሊኒኩ መኪና ከምዕራብ ዓባያ እስከ ጫሞ ዳርቻ፣ መኪና በማይገባበት ደግሞ በእግሯ ወደ ጋሞ ደጋ እየወጣች ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ስታስተምር ኖራለች። ነርስ ባትሆንም አገሩ ሁሉ «ሲስተር» ነበር የሚላት። ትምህርቷ ሦስት ነገር ነው፤ ውሃ አፍሉ፣ እጅ ታጠቡ፣ ውሃ ክደኑ። ለማፍላት ማገዶ ያስፈልጋል፤ ማገዶ ደግሞ ሩቅ ነው። ለመታጠብ ሳሙና ያስፈልጋል። ክዳን ግን ምንም አያስወጣም። ስለዚህ ከሦስቱ ሰው ቤት የገባው ክዳን ብቻ ሆነ፤ እሷም ይህን ስላወቀች እሱኑ አጥብቃ ያዘች።

እኔ በዚያን ጊዜ፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንድ ትንሽ የውሃ ምርምር ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ ቧንቧ የገባለት ሰው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ውሃ ይጠጣል። ወረድ ብሎ ጫሞ ዳር የሰፈሩት ዓሣ አጥማጆች ግን የሚጠጡት ሐይቁን ነው፤ ጨው ጨው የሚለውን፣ አረንጓዴውን፣ ዓሣ የሚታጠብበትንና ከብት የሚገባበትን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። የጫሞን ልጅ ውሃ አልጠማውም፤ የሚገድለው የጠጣው ነው። በየዓመቱ ዝናብ ሲጀምር ተቅማጥ ይነሣና ሕፃናት ይቀበራሉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው።

አለቃችን ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ዶክተር ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በልቤ ግን «አንተ» ነው፤ በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም። የተማረው የባሕር ጠረፍ ባለው አገር ሲሆን፣ እዚያ የባሕር ውሃን በፀሐይ ብርሃንና በአንድ ነጭ ዱቄት ከጀርም ለማጽዳት በሚደረግ ምርምር ላይ ሠርቷል። አገሩ ሲመለስ ባሕሩ በቅርብ ከእጃችን ወጥቶ ጠበቀው። ጨው ያለበት ውሃ ሲያፈላልግ ጫሞን አገኘና አርባ ምንጭ መጣ። አንድ ቀን በጀርባው እጆቹን አጣምሮ ሐይቁን እያየ «ይህ ለእኔ ትንሽ ባሕር ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ዱቄቱ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል። የግድግዳ ነጭ ቀለም ነጭ የሚሆነው በእሱ ነው። ሸካራ በተደረገ መስታወት ላይ በስሱ ተቀብቶ ይደርቃል፤ ከላዩ ውሃ ይፈስስበታል። ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ከጨረሩ ዓይናችን የማያየው ክፍል ዱቄቱን ይቀሰቅሰዋል፤ የተቀሰቀሰው ዱቄት ደግሞ ውሃው ውስጥ ያገኘውን ጀርም ያቃጥላል። ራሱ አያልቅም፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ እህሉን እየፈጨ እሱ ባለበት ይቀመጣል። ዶክተሩ ካታሊስት ነበር የሚለው። ሥራውን የሚሠራው ብርሃኑ ነው፤ ሙቀቱ አይደለም። ውሃው ባይሞቅም ብርሃን ካገኘ ይጸዳል፤ ቢሞቅም ብርሃን ካላገኘ አይጸዳም። እኛ ጣቢያ ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን እንደ አባታችን ሆይ ነበር የምናውቀው።

መጀመሪያ የሞከርነው ግቢያችን ውስጥ ነው። ከጫሞ በጀሪካን ውሃ አምጥተን በሁለት ተመሳሳይ ሳህኖች እንሞላለን፤ ሁለቱም ዱቄት የተቀባ መስታወት አላቸው። አንዱን ለፀሐይ ክፍት እንተወዋለን፤ ሌላውን እዚያው ፀሐይ ላይ አድርገን በጥቁር ጨርቅ እንሸፍነዋለን፤ ለማነጻጸሪያ። «ጨለማው ሳህን» ነበር የምንለው። ከሰዓት በኋላ ከሁለቱም ናሙና ወስጄ ጀርም ማሳደጊያ ላይ እዘራለሁ። በማግሥቱ ስከፍተው ከክፍቱ ሳህን የተዘራው ንጹሕ ነው፤ ጥቂት የጀርም ነጠብጣብ ቢኖር ነው። ከጨለማው ሳህን የተዘራው ግን እንደ ሻገተ ዳቦ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኖ ይቆየኛል። እኔ በቀላሉ ደስ የሚለኝ ሰው አይደለሁም፤ ያን ጊዜ ግን ደስ ብሎኝ ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። «አልፈላም? ክሎሪንም የለውም?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። የለውም ስላት «ተመስገን» ብላ አማተበች።

ወደ ሐይቁ ልንወስደው ስንነሣ፣ በሳህኖቹ ፋንታ የምናሠራውን ትልቅ ትሪ የምትይዝ ጠንቃቃ ሴት አስፈለገችን። እናቴ አላመነታችም። ዓሣ ማውጫው ላይ ዓሣ እየፋቀችና እየበለተች የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች፤ ከጋሞ ደጋ፣ ከኦቾሎ ናት። ባሏ ሸማኔ ነበር፤ ሽመናው አላበላ ሲል ሁለቱም ከዚያ ከፍታ ወርደው ጫሞ ዳር ጎጆ ቀለሱ፤ እሱ መረብ ያዘ። ሴትየዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የእናቴ ተማሪ ናት። «ከሷ የተሻለ ንጹሕ ሴት ብትፈልጉ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ» አለች እናቴ ለዶክተሩ። እውነቷን ነው። የዓሣ ሆድ ዕቃና የዝንብ መንጋ በሞላበት ሰፈር የእሷ ደጅ ተጠርጎ ውሃ የተረጨበት ነበር።

ይህች ሴት ሁለት ልጅ ቀብራለች፤ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሁለቱም በተቅማጥ። ሦስተኛዋ ገና አፍ እየፈታች ያለች ሴት ልጅ ናት፤ ለእናቷ የቀረቻት እሷ ብቻ ናት። ዓሣ ስትበልት በአንገቷ ላይ የምትንጠለጠልባት፣ ባዕድ ሲመጣ ቀሚሷ ውስጥ የምትደበቅ ልጅ።

ትሪው በተተከለበት ሳምንት ወባ ጥሎኝ ቤት ተኝቼ ነበር፤ ዶክተሩና እናቴ ሄዱ። ትሪውን በከተማችን ታችኛው ክፍል፣ ሲቀላ፣ ገበያ አጠገብ ያለ ላሜራ ቀጥቃጭ ነው የሠራው፤ ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ በአንድ ጥግ ቧንቧ ያለው። ከሥሩ ዱቄት የተቀቡት መስታወቶች ተደርድረውበታል። እናቴ ስትመለስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ነገረችኝ። ሰዉ ዱቄቱን ዲዲቲ ነው ብሎ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር። ዶክተሩ «ማለዳ ሞልታችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት፤ የፀሐይ ኃይል ያጸዳዋል» ብሎ አስረዳ። ሴትየዋ ሁሉንም ጸጥ ብላ ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ይሄ ውሃ ይሄን ልጅ ያሳድጋል?» ዶክተሩ ያሳድጋል አለ። እናቴም ያሳድጋል አለች።

ከወባው ስነሣ ሐሙስ ሐሙስ ከዶክተሩ ጋር ናሙና ለመውሰድ መሄድ ጀመርኩ። መንገዱ መታጠፊያ ላይ የመኪናችን አቧራ ሲታይ ሴትየዋ ወገቧን አስራ ትቆየናለች። ትሪው ተወልውሎ፣ ውሃው ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ እላዩ ላይ እያብለጨለጨ እናገኘዋለን። ልጅቷ ከኋላዋ አንድ ዓይኗን ብቻ አውጥታ ታየናለች። እኔ ጠርሙሴን ሞልቼ እመለሳለሁ።

ውጤቱ ግን የማይረባ ነበር። ነጠብጣብ በነጠብጣብ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያም ወዲያ እንደዚያው። ግቢያችን ውስጥ የሚሠራው ነገር ሐይቁ ዳር አልሠራ አለ። ዶክተሩ ጥፋቱን በጨው ላይ ጣለ፤ ይህ ጨው እንደ ባሕሩ ጨው አይደለም፣ ሶዳ የበዛበት ነው፣ ሶዳው የዱቄቱን ጉልበት ይበላዋል አለ። ሐሰት አልነበረም፤ ሶዳ በእርግጥ ሥራውን ያደክመዋል። «ግቢ ውስጥም እኮ የጫሞ ውሃ ነው የተጠቀምነው» አልኩት። እሱ ደግሞ ወቅቱ ተለውጧል፣ ሐይቁ ቀንሶ ጨውና ሶዳው በዝቷል አለኝ። መስታወቶቹን አውጥተን ዱቄቱን አወፍረን ቀባን። አንድ ቀን «ውሃውን አትጠጡ እንበላቸው እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ከሐይቁ አይብስም፤ ድሮም የሚጠጡት ይህንኑ ነው» አለኝ። ይህም እውነት መሰለኝ። ማናችንም ያላወቅነው ነገር ስለነበረ ነው።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዓሣ ወደ ከተማ የሚያመላልሰው ፒካፕ ሾፌር ደጃችን ቆሞ ክላክስ አደረገ። «ሲስተር ትምጣልኝ ብላለች፤ ልጅቷ ተኝታለች» አለ። እናቴ ጡረታ ከወጣች በኋላም ያልለቀቀቻትን ቦርሳ አንሥታ ወጣች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጣብበን ተቀመጥን።

መንገድ ላይ ሾፌሩ ወሬ ሲያወራ ያንን ያላወቅነውን ነገር ተናገረ። ያቺ ሴት ከዚህ በፊት ለልጇ ብቻ የምትሆን ውሃ ከከተማው ምንጭ በእሱ መኪና ታስመጣ ነበር። ትልልቆቹ ሐይቁን ይጠጣሉ፤ ልጅቷ ግን ከተወለደች ጀምሮ የሐይቅ ውሃ ቀምሳ አታውቅም። «አሁን ተገላገልኩ፤ የእናንተ ዕቃ ከመጣ ጀምሮ ጀሪካኑን ትታዋለች» አለ እየሳቀ። እናቴ «ጎሽ» አለች። እኔ ግን ናሙናዎቹ፣ እነዚያ ነጠብጣቦች ዓይኔ ላይ ድቅን አሉብኝ። «ፍጠን» አልኩት ሾፌሩን፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም።

ልጅቷ ቁርበት ላይ ተኝታ አገኘናት። ዓይኖቿ ገብተዋል፤ እናቴ የሆዷን ቆዳ ቆንጥጣ ስትለቀው ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ለእናቴ እንዲህ ያለ ቀን አዲስ አይደለም። ከቦርሳዋ ለምለም የሚባለውን፣ በውሃ የሚበጠበጥ የተቅማጥ መድኃኒት ፓኬት አውጥታ በጥርሷ ቀደደችው። «ንጹሕ ውሃ ስጪኝ» አለቻት ሴትየዋን። ሴትየዋ ጣሳ ይዛ ብድግ አለች። ፊቷ ላይ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ቢያንስ ንጹሕ ውሃ አለኝ የሚል ነገር ነበረበት። እኔ ተከትያት ወጣሁ።

ትሪው ጎጆው ጎን፣ ሐሙስ ሐሙስ የምናይበት ቦታ ላይ ነበር። ላዩ ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርቆሮ ተጋድሞበታል። ከቆርቆሮው በላይ ጥቁር ላስቲክ አለ፤ ላስቲኩን ነፋስ እንዳይገልበው ዙሪያውን ድንጋይ ተጭኖበታል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ አሞራዎች፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጠብቁ ዙሪያውን ቆመዋል፤ አንዱ ላስቲኩ ላይ ኩሱን ጥሎበታል። ሴትየዋ ድንጋዩን አነሣች፣ ላስቲኩን ገለጠች፣ ቆርቆሮውን ገፋ አደረገች፣ ከቧንቧው ቀድታ ጣሳውን ሰጠችኝ። ውሃው ለብ ያለ ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ሐሙስ ሐሙስ አቧራችንን ስታይ፣ ለእንግዳ መሶብ እንደሚከፈት፣ ክዳኑን አንሥታ ከጎጆው ጀርባ ታስቀምጠዋለች። ስንሄድ ትመልሰዋለች። ያንን ሁሉ ቀን፣ በገዛ እጇ፣ በጥንቃቄ፣ የምትሠራው የእኛን ጨለማ ሳህን ነበር።

ጣሳውን ይዤ ስገባ እናቴ ፓኬቱን በእጇ ይዛ ትጠብቃለች። «እማዬ፣ በዚህ ውሃ አትበጥብጪ» አልኳት።

«ምን ሆነ?»

«ተከድኖ ነው የሚውለው። ብርሃን አላየም። አልጸዳም።»

እናቴ ቶሎ አልገባትም። ሴትየዋ ግን ተቆጣሁባት መሰላት፤ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረች። ስትጨነቅ አማርኛዋ ይደናቀፋል፤ ሴቱን በወንድ አድርጋ ትጠራለች። «ሲስተር ነው ያለኝ ክደኚ። ያን ቀን ዶክተር መኪና ውስጥ ገባ፣ ሲስተር አሞራውን አየ፣ ይሄን ቆርቆሮ አነሳ ሰጠኝ፣ ክደኚ አለኝ። ዶክተር ደግሞ ፀሐይ ላይ አድርጊ አለኝ። ቆርቆሮ ሲሞቅ ውሃ ይሞቃል፤ እንደ ማፍላት ነው። ላስቲክ ጨመርኩ፣ የበለጠ ሞቀ። አንድ ቀን አልረሳሁም። ሁለቱንም አደረግሁ።»

እናቴን አየኋት። ይህን አልነገረችኝም ነበር፤ ደብቃኝ ሳይሆን ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑን ስላላወቀች ነው። እነዚያን አሞራዎች አይቶ የመጠጥ ውሃ ክፍት የሚተው ማን ነው? እኔም ብሆን ያንን ቆርቆሮ አነሣ ነበር። ሰማይ የሞላ አባ ኮዳ ባለበት ቦታ ክፍት ትሪ አስቀምጦ የሄደው የተማረ ሰው ነው። ይህን አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እናቴ ያንን ውሃ ከጣሳው መሬት ላይ አፈሰሰችው። «ተሸክማችሁ ወደ መኪናው» አለች።

ሾፌሩ ዓሣውን ገና አልጫነም ነበር። ሴትየዋ፣ ባሏና እናቴ ከኋላ፣ በባዶዎቹ የዓሣ ሳጥኖች መሃል ተቀመጡ፤ እኔ ልጅቷ ላይ ዝናብ እንዳይወርድ ያንኑ ጥቁር ላስቲክ ዘርግቼ ይዣለሁ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ሁለት ቦታ ወርደን ገፋን። እናቴ እጇን ከልጅቷ አንገት ሥር አላነሣችም። ሲቀላ ስንደርስ የእናቴ ፊት ተለወጠ፤ እኔ አየሁት፤ ሴትየዋ አላየችም። እጇን ግን ሆስፒታሉ በር ድረስ እዚያው አቆየችው። በሩ ጋ መኪናው ሲቆም «ልጄ» አለቻት ሴትየዋን። ሴትየዋ ልጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና «ተኝቷል» አለች። ደጋግማ «ተኝቷል» አለች። ባሏ ነው በመጨረሻ ከእጇ የወሰዳት።

ልጅቷ ኦቾሎ ተቀበረች። እናቴ ጉልበቷን እያመማት ያንን አቀበት ወጣች። ለሕፃን ብዙ አይለቀስም፤ የመጣው ሰውም ጥቂት ነበር። ሴትየዋ አላለቀሰችም፤ አንዲት አሮጊት እጇን ይዛላት፣ እሷ መሬት መሬት ታያለች። ማንም ስለ ውሃ አላነሣም። ስንወርድ እናቴ «ምን አጠፋሁ ብትለኝ ምን እላት ነበር?» አለችኝ። ክንዷን ይዤ አወረድኳት።

ሰኞ ለዶክተሩ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ሆኖ አዳመጠኝ፤ መነጽሩን አወለቀ። ያዘነ ይመስለኛል፤ ማዘኑን አልክድም። መነጽሩን መልሶ ሲያደርግ ግን «ስለዚህ ዱቄቱ ይሠራል» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። በሕይወቴ ሰው ልመታ እጄን ያነሣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጠረጴዛውን መታሁትና ወጣሁ።

ንዴቴ ሲበርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ከትሪው ሌሎችም ቤተሰቦች ይቀዱ ነበር፤ ሌሎችም ሕፃናት አሉ። ክዳኑ ይነሣ ብሎ መንገር ያስፈልጋል። ያንን ከተናገርን ደግሞ ሴትየዋ ልጇን ምን እንደገደላት ታውቃለች። ዶክተሩ እኔ እነግራቸዋለሁ አለ። እናቴ «አንተ አትነግርም» አለችው። አንቱ ትለው የነበረው ሰው ነው።

በሳምንቱ ሴትየዋ ገና ኦቾሎ ሐዘን ላይ ሳለች፣ እናቴ ዓሣ ማውጫው ላይ ሴቶቹን ሰበሰበች። ቆማ ነው የተናገረችው። «ክደኑ ስላችሁ የኖርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ይህን ትሪ ክደኚ ብዬ ለዚያች ሴት ቆርቆሮ የሰጠኋትም እኔ ነኝ። ይህ ዕቃ ብርሃን ካላየ አይሠራም፤ አላወቅሁም ነበር። እሷ ምንም አላጠፋችም። የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንዲህ ብላ ነገረችን ብላችሁ ንገሯት።» ድምጿ አልተሰበረም። እኔ ግን ከኋላዋ ቆሜ አለቀስኩ።

ኋላ አንዲት ትልቅ ሴት «ቤት ያለውን ውሃም እንክፈት?» ብላ ጠየቀች።

«የለም፣ የቤቱን ክደኑ» አለች እናቴ። «ትሪውን ክፈቱ።»

«አሞራስ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። መረብ ይደረግበታል፣ ሰው ይጠብቀዋል፣ የመሳሰለውን ተናገርኩ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው በጋሞኛ ተነጋገሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ትሪ ማንም አልቀዳም። ወንዶቹ መስታወቶቹን አውጥተው ትሪውን ዓሣ በጨው የሚዘፈዝፉበት ዕቃ አደረጉት። ዶክተሩም ዓመቱ ሳያልቅ ተዛውሮ ሄደ። የሰፈሩ ሰዎች ሐይቁን እንደ ድሮው መጠጣት ቀጠሉ።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ቤት ዋለች። አላመማትም፤ ግን ሰው ታማለች ይል ነበር። ጎረቤት ሕፃን ይዞ ሲመጣ «ሆስፒታል ውሰዱት» ትላለች እንጂ እጇን አታሳርፍበትም። እኔ ተቆጣኋት፣ ለመንኳት፣ ቀለድኩባት። አንዱም አልሠራም።

ከወራት በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በከተማው ላይኛው ክፍል፣ ሴቻ ካለው ቤታችን በር ላይ ያቺን ሴት ቆማ አገኘኋት። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ይዛለች። ከስታለች፤ ሆዷ ግን ገፍቷል። ፈራሁ። ልትረግመን ከመጣች ትርገመን፣ መብቷ ነው አልኩ በልቤ፤ ወደ ውስጥ አስገባኋት። እናቴ ስታያት አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።

ሴትየዋ ዓሣውን ለእኔ ሰጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ሲስተር፣ ታመሻል አሉኝ» አለቻት። ልጇን የቀበረችው እሷ፣ እናቴን ልትጠይቅ ነበር የመጣችው።

«ያልሽውን ነገሩኝ» አለች ቀጥላ። «ሰማሁ።»

«በድዬሻለሁ» አለች እናቴ።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ ትበል አይደለም ትበል አላወቅሁም። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «ይሄ ሊመጣ ነው» አለች። «ያ ሾፌር አገሩ ገባ፤ የምንጭ ውሃ የሚያመጣልኝ የለም። ማገዶ የለም። ለዚህ ልጅ ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኝ፤ ያልሽውን አደርጋለሁ።»

እናቴ የሴትየዋን እጅ ያዘች። «ልጄ፣ ከእንግዲህ እኔን አትስሚ» አለቻት።

ሴትየዋ ግራ ተጋባች። አስቀድማ እናቴን አየች፤ ቀጥላ ዓሣውን እንደያዝኩ የቆምኩትን እኔን አየች፤ ከእኔ ደግሞ መልሳ ወደ እናቴ ዞረች።

«ታዲያ ማንን ልስማ?» አለች።